በአምባዬ ስም የተመዘገበችው ፍላሽ

አምባዬን ሰመራ ውስጥ የማያውቀው የለም። የሚታወቀውም በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሰኔ ሙቀት ክራቫት የሚያስር ብቸኛው የመንግሥት ሠራተኛ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ "በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዋሽ ልዛወር ነው" እያለ ይሰናበተናል። አራት ጊዜ የሽኝት ሻይ ጋብዘነዋል። አምስተኛው ላይ ከወሎ መጥታ እዚህ ካፌ የከፈተችው ኡሙሀኒ፣ "ወላሂ ከዚህ በኋላ የሽኝት ሻይ የለም፤ መጀመሪያ ሚኒባስ ላይ ውጣና በመስኮት አቀብልሃለሁ" አለችውና ልማዱ ቆመ።

አዋሽ ላይ ሚስቱ ሰርክአዲስ አለች፤ አስተማሪ ናት። ሴት ልጁ ሀይማኖትም እዚያው ናት፤ ስድስት ዓመቷ። አባትና ልጅ የሚተያዩት በዓመት ሦስቴ፣ በበዓል በበዓል ነው። በቀረው ጊዜ ሰርክአዲስ ልጅቷን በቪዲዮ ትቀርጽና በፍላሽ አድርጋ በሹፌር እጅ ትልክለታለች። በስልክ አትልክለትም ወይ የሚል አንባቢ የእኛን ኔትዎርክ አያውቅም፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወርዶ እስኪያልቅ ልጅቷ አንድ ክፍል ታልፋለች። የሰርክአዲስ ስልክ ደግሞ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ወደ ፍላሽ የገለበጠችውን ወዲያው ታጠፋለች። ስለዚህ የሀይማኖት የመጀመሪያ ጥርስ፣ የመጀመሪያ እርምጃ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለቀሰችው የመጀመሪያ ለቅሶ፣ ሁሉም ያለው በአንዲት ፍላሽ ውስጥ ብቻ ነው። ጥቁር ናት፤ ጭንቅላቷ የአውራ ጣት ጥፍር አያህልም፤ ቀሪው የብረት ምላስ ነው። ከሰመራ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሰመራ ስትመላለስ ገዋኔን ያቋረጠችውን ያህል የጨው መኪና አላቋረጠም።

አምባዬ የሚሠራበት ጽሕፈት ቤት ስሙ ረጅም ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የጨረሰ ባለጉዳይ የመጣበትን ይረሳል። ሥራው ግን አጭር ነው፤ የአዋሽ ወንዝ ሲሞላ በታች ላሉት ለአሳይታና ለአፋምቦ ሰዎች "ሞልቷል" ብሎ መናገር። ይህን የምትናገረው አንዲት ኮምፒውተር ናት። ኮምፒውተር ሲባል ጠረጴዛ የምትሞላ አትምሰላችሁ፤ የሲጋራ ፓኮ የምታህል፣ ልብስ የሌላት አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። ወንዙ ዳር ከተተከሉት መለኪያዎች ቁጥር ትቀበልና መግቢያው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ታሳያለች። ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን ወንዙ ሰላም ነው። ቀይ ሲሆን ሽሹ ነው። ጥቁር ሲሆን ኮምፒውተሯ ሞታለች። ባለፈው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነበር።

ገዳይዋ ሚሞሪ ካርዷ ነበረች። ኮምፒውተሯ ስትበራ ማን እንደሆነችና ምን እንደምትሠራ የምታነበው ከዚያች ካርድ ላይ ነው። መብራት ድንገት በሄደ ቁጥር ካርዷ ግማሹን ጽፋ ግማሹን ትታ ትቀራለች። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሯ ታነባለች፤ ያነበበችው አይገባትም፤ ዝም ትላለች። ሙቀቱም አለ፤ ሰመራ በስምንት ሰዓት ስልክ ደውላችሁ "ሄሎ" ሳትሉ ስልኩ "ሞቀኝ" ብሎ የሚጠፋበት አገር ነው። አምባዬ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ካርድ ቀብሯል፤ እያንዳንዳቸው በቃለ ጉባኤ ተወግደዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊው አቶ ሙሐመድሰዒድ አስጠሩት።

"አምባዬ፣ ሐሙስ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ያንን ጥቁር ነገር ካዩ እኔንም አንተንም እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀብሩናል።"

"ካርድ መቀያየሩ አላዋጣም፣ አቶ ሙሐመድሰዒድ። ከካርድ ላገላግላት ነው። ከፍላሽ እንድትነሳ አደርጋታለሁ። ጥሩ ፍላሽ እንደ ካርድ ቶሎ አትበላሽም።"

"ታዲያ እስከዛሬ ምን ትጠብቃለህ?"

"ፍላሽ እንዲገዛ የጠየቅኩበት ደብዳቤ ሁለት ዓመት ሆነው። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።"

አቶ ሙሐመድሰዒድ የሻይ ብርጭቋቸውን አነሱ። ደብዳቤው ከብርጭቆው ሥር፣ ሰባት የሻይ ቀለበት ታትሞበት ተገኘ። በሰባቱ ቀለበት መሃል "ይገዛ" ብለው ጻፉበት። ቀጥለው መሳቢያ ከፈቱና ሌላ ወረቀት አወጡ።

"ይሄን ታውቀዋለህ?"

አምባዬ እንኳን ወረቀቱን ሽታውንም ያውቀዋል። የዝውውር ደብዳቤው ነበር፤ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ፊርማ ብቻ የጎደለው።

"አዋሽ ቅርንጫፍ አንድ ክፍት ቦታ አለች። ሐሙስ ስክሪኑ አረንጓዴ ከሆነ እፈርማለሁ። ከተፈረመ በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ ካልሄድክ ግን ቦታዋ በዝርዝሩ ላይ ላለው ቀጣይ ሰው ታልፋለች፤ መመሪያው ነው። ጥቁር ከሆነ ደግሞ..."

"አረንጓዴ ይሆናል" አለ አምባዬ፣ ክራቫቱን አጥብቆ።

በዝርዝሩ ላይ ያለው ቀጣይ ሰው ቢሰጥ ነበር፤ የንብረት ክፍሉ ቢሰጥ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም፣ ከሰው ጋር አውርቶም አያውቅም። የሚያወራው ከዕቃ ጋር ነው። አንዲት ጣሳ ነጭ የዘይት ቀለምና አንዲት ቀጭን ብሩሽ አለው፤ ግቢው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ላይ የንብረት ቁጥር ይጽፋል። ወንበሩ፣ ስቴፕለሩ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ባልዲ፣ የባልዲው እጀታ ለብቻው። አንድ ጊዜ በር ተከፍቶ ያገኘች ፍየል ገብታ ጥላ ሥር ተኛች፤ ስትነቃ ቁጥር ተጽፎባት ነበር። ባለቤቷ በሦስት ደብዳቤና በሁለት ምስክር ነው ያስለቀቃት።

ማክሰኞ ፍላሽ ተገዝታ መጣች፤ ለምዝገባ መጀመሪያ ቢሰጥ ዘንድ ገባች፤ ከሰዓት በኋላ አምባዬ እጅ ደረሰች። አምባዬ ክዳኗን ከፍቶ አየና ወንበር ፈለገ።

"ቢሰጥ፣ ምንድን ነው ያደረግከው?"

"ቁጥር ሰጠኋት።"

"አፏ ውስጥ እኮ ነው የጻፍከው! የምትነካካበት ቦታ ላይ!"

"ላይዋ ላይ የፋብሪካው ስም አለ። የሰው ስም ላይ ቀለም አልቀባም፤ ነውር ነው።"

አምባዬ በምላጭ ፋቀ፤ በቤንዚን አጠበ፤ በጥርስ ብሩሽ ፈተገ። ቀለሙን የሠራው ፋብሪካ ይባረክ፣ ከቀለሙ በፊት ፍላሿ ለቀቀች። ሎጊያ ሄዶ በራሱ ገንዘብ ሁለት ገዛ። አንደኛዋ ስድሳ አራት ጊጋ ተብላ ስምንት ሆና ተገኘች፤ ሁለተኛዋ ስትሰካ ጭስ ሰጠች። ረቡዕ ቀትር ላይ በእጁ የቀረችው ደህና ፍላሽ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ያቺ ጥቁሯ።

ኡሙሀኒ ካፌ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣትና አፈጠጠባት፤ ኮምፒውተሯን እንድታስነሳ መጀመሪያ ባዶ መሆን አለባት።

"ልጅቷን ከማጥፋትህ በፊት ቢሮው ኮምፒውተር ላይ አትገለብጣትም?" አለችው ኡሙሀኒ።

"አይቻልም። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የግል ፋይል ማስቀመጥ ክልክል ነው።"

"ማን ከለከለ?"

"እኔ።"

እውነት ነው። ማስታወቂያውን የጻፈው እሱ፣ የፈረመበት እሱ፣ የሠርጓን ፎቶ ያስቀመጠችውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በደብዳቤ ያስጠነቀቀው እሱ። ስድስት ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ውስጥ ለገዛ ልጁ ጥርስ የሚሆን ቦታ የነፈገው ራሱ ነበር።

"አንድ ቀን ሕግህን ብትጥስ አላህ አይቀየምህም" አለችው።

"ይቅር። ቅዳሜ ኦሪጅናሏን አቅፌ ልቀመጥ፣ ኮፒዋ ለምኔ?"

ኡሙሀኒ ብርጭቆውን አነሳችና ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ወለወለች።

ሥራው ራሱ፣ ለሚያውቀው፣ የሚያስፈራ አይደለም። አምባዬ በሕይወት የቀረችውን የመጨረሻዋን ካርድ አስገብቶ ኮምፒውተሯን አስነሳ። በጥቁሩ መስኮት ላይ የአነሳስ ቅደም ተከተሏን የሚቀይር አንድ መስመር ጻፈላት። በሰው ቋንቋ ሲነበብ "መጀመሪያ ካርድ ፈልጊ፤ ካጣሽ ፍላሽ ፈልጊ፤ ካጣሽ እንደገና ጀምረሽ ፈልጊ" የሚል ነው። አጥፍቶ አበራት፤ ትእዛዙ ገብቷታል። የቀረው ካርዷ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሿ መገልበጥ ነበር። ፍላሿን ሲሰካ ኮምፒውተሯ በጨዋነት ጠየቀችው፤ "በዚህች ፍላሽ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። ይቀጥል?"

ሰባት ዓመት ሙሉ "ይቀጥል?" ብላ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። "አዎ" ብሎ ጻፈ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሲያልቅ ካርዷን ነቀለና መብራቱን ሰጣት። ቀይዋ መብራት በራች። ካርድ ፈለገች፤ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የፍላሿ ጭንቅላት ብልጭ አለ። እንደገና ብልጭ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ጽሑፍ ተንጋጋ፣ ተንጋጋና ጸጥ አለ፤ ከዚያ መግቢያው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። አምባዬ ክራቫቱን አላላ። ይህን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች እስከዛሬ ይመሰክራሉ።

በዚህ ሰዓት ነው ቢሰጥ ጣሳውን ይዞ የደረሰው።

"ይህች ደግሞ የማን ናት?"

"የኔ የግሌ ናት። ለጊዜው ሰክቻት ነው።"

"የግልህ ከሆነች በር ላይ ስትገባ ያስመዘገብክበት ወረቀት የታለ?"

"ኪሴ ውስጥ የምትሆን ፍላሽ በር ላይ ማን ያስመዘግባል?"

"ወረቀት ከሌላት ሁለት ነው። ወይ የመሥሪያ ቤቱ ናት፣ ወይ በድብቅ የገባች ናት። በድብቅ የገባች ከሆነች ነቅዬ ለጥበቃ አስረክባለሁ። የቱን ልጻፍ?"

አምባዬ ስክሪኑን አየ፤ ነገ ሐሙስ ነው። "የመሥሪያ ቤቱ ብለህ ጻፍ" አለ።

"በማን እጅ?"

"በኔ።"

ቢሰጥ ብሩሹን ነከረ። ጭንቅላቷ ለስድስት አሐዝ አይበቃም፤ ቦታ ያለው የብረት ምላሷ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ አምባዬ ብልጥ ሆነ። ኮምፒውተሯን አጠፋ፣ ፍላሿን ነቀለ፣ የቢሰጥን አንጓ በሁለት እጁ ይዞ፣ "አፏን እንዳትነካ፣ በውጭ በኩል፣ በስሱ፣ በስሱ" እያለ እንደ ሕፃን አጻፈው። ቁጥሩ በጣም ያምር ነበር። እስኪደርቅ በማስታወሻ ደብተር አራገበላት። መልሶ ሰካት፤ ተነሳች። ቅጹ ላይ "ተረካቢ" በሚለው ቦታ ፈረመ። በዚያ ቀን ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ አልነበረም።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። አረንጓዴውን ስክሪን ለአንድ ደቂቃ ተኩል አዩ። አንደኛው "አረንጓዴ ነው" አለ፤ ሌሎቹ ተስማሙ፤ ወደ ምሳ ሄዱ። አቶ ሙሐመድሰዒድ ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም፤ ከምሳ በፊት ፈረሙ።

አምባዬ ደወለ።

"ሰርኬ፣ ተፈረመ።"

"ሰባት ዓመት 'ሊፈረም ነው' ስትል ነው የማውቅህ።"

"አሁን 'ሊ' የለውም። እጄ ላይ ነው። ላንብብልሽ?"

ወዲያ በኩል ሰርክአዲስ ልጅቷን ስትጠራ ተሰማ፤ "ሀይማኖት! ነይ፣ አባትሽ ሊመጣ ነው!"

"አባዬ" አለች ሀይማኖት፣ "ያቺን ፍላሽ ይዘህልኝ ና እሺ? ሕፃን ሆኜ ራሴን ማየት እፈልጋለሁ።"

"እሺ" አለ አምባዬ። ኔትዎርኩ ለአንድ ጊዜ ቸር ሆኖ ያችን "እሺ" ሳይቆራርጥ አደረሰለት።

ደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ ማንም የማያነባት አንዲት መስመር አለች፤ "በእጅዎ የሚገኘውን የመንግሥት ንብረት አስረክበው።" ሦስት አባላት ያሉት የርክክብ ኮሚቴ አርብ ጠዋት ተሰበሰበ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መቀሱ፣ ሁሉም በአሥር ደቂቃ አለቀ። ቀረች ኮምፒውተሯና ፍላሿ።

"ኮምፒውተር፣ በሚሠራበት ሁኔታ" አለ ቢሰጥ፣ እያነበበ። "ትሠራለች። ፍላሽ፣ ቁጥሯ..." ጎንበስ አለ። "ቁጥሯ አይታይም።"

"ገብታ ነው። የተጻፈው በሚገባው በኩል ነው፤ አብረን አይደል የጻፍነው?"

"ያላየሁትን ቁጥር አየሁ ብዬ አልፈርምም።"

አምባዬ ነቀላት፤ አሳየው። ቢሰጥ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ትክክል ነው። ብዕር አነሳ፣ ቀና አለ፤ ስክሪኑ ጥቁር ነበር።

"አትሠራም እኮ!"

"ፍላሿ ወጥታ እንዴት ትሥራ? የምትነሳው ከእሷ ነው!"

"ስካትና ትሥራ።"

ሰካት። ተነሳች፤ አረንጓዴ ሆነች።

"አሁን ትሠራለች" አለ ቢሰጥ። "ቁጥሩ የታለ?"

በዚያን ቀን ፍላሿ አሥራ አራት ጊዜ ወጥታ አሥራ አራት ጊዜ ገባች። ኮሚቴው ለምሳ ተነሳና ሰኞ ተመለሰ። አምባዬ ሰኞን መላ በመላ አደረገው።

"ጭንቅላቷ ላይ በደቃቁ ልድገመው?"

"ሁለት ቦታ ቁጥር ያለው ዕቃ ሁለት ዕቃ ነው። ሁለተኛዋን ከየት ታመጣታለህ?"

"ፎቶ ላንሳው፤ ፎቶውን እያያችሁ ፈርሙ።"

"ፎቶ ንብረት አይደለም።"

"እሺ ወደ ካርድ ልመልሳት፤ ያቺ የመጨረሻዋ ካርድ አለች።"

"ካርዷ ሐሙስ ተወግዳለች። በሰባራ ወንበሮቹ ቃለ ጉባኤ ነው።"

"አንድ ሰው በኔ ምትክ ይረከበኝና እኔ ልሂድ!"

ሦስቱም የኮሚቴ አባላት በአንድ ጊዜ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ስትወጣ የምትገድል፣ ስትገባ የማትታይ ንብረት በስሙ የሚያስመዘግብ እብድ አፋር ክልል ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፈርሟል።

በሳምንቱ አርብ አምባዬ አቶ ሙሐመድሰዒድ ዘንድ ገባ። ላቡ በክራቫቱ ጫፍ ይንጠባጠባል።

"አቶ ሙሐመድሰዒድ፣ ዛሬ ስምንተኛው ቀን ነው። ለቢሰጥ አንድ ቃል ይበሉልኝ።"

"እኔ የምችለውን አልፈረምኩልህም? ለስንት ሰው ነው የፈረምኩት? ለአንተ ብቻ! ንብረት ላይ ግን እኔም አልገባም፤ ይሄ የተቀመጥኩበት ወንበር እንኳ ቁጥር አለው።" ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እውነቱን ንገረኝ አምባዬ፤ አንተ ሄደህ ይህች ነገር ብትጠፋ ማን ያስነሳታል?" አሉት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቦታዋ ለቀጣዩ ሰው አለፈች። የቢሰጥ ርክክብ አራት ደቂቃ ፈጀ። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ በስሙ የተመዘገበ አንድ ነገር አልነበረም፤ እስክሪብቶ እንኳ የሚጽፈው በሰው ነው። ጣሳውንና ብሩሹን በራሱ ገንዘብ ነበር የገዛቸው፣ በር ላይም በወረቀት አስመዝግቦ ነበር ያስገባቸው። ይዟቸው ወጣ።

አምባዬ ሎጊያ ድረስ ሸኘው። የገዛላትን ጫማ ለሀይማኖት እንዲያደርስለት ሰጠው። ቢሰጥ ጫማውን ገለባበጠና "ምንም አልተጻፈበትም" አለ፣ በሐዘኔታ። ኡሙሀኒም ቃሏን ጠበቀች፤ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል የሽኝቱን ሻይ በመስኮት አቀበለች፤ ለቢሰጥ።

ሰርክአዲስ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ስልክ አላነሳችም።

በአራተኛው ሳምንት ከቢሰጥ ስልክ አንድ ቪዲዮ ተላከ። ወርዶ እስኪያልቅ ሁለት ቀን ፈጀ፤ አርባ ሰከንድ ነው። አምባዬ መግቢያው ላይ፣ አረንጓዴው ስክሪን ሥር ቆሞ ከፈተው። ሀይማኖት አዲሱን ጫማ አድርጋለች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም። ጀርባዋን ሰጠችና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አሳየች፤ በነጭ የዘይት ቀለም፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ ስድስት አሐዝ ተጽፎበታል።

"አባዬ፣ ጋሼ ቢሰጥ እንዳይጠፋብኝ ብሎ ቁጥር ሰጠኝ" አለች። "ወንበራችንንም ጻፈልን። አንተ ስትመጣ ላንተም ይጽፍልሃል። ፍላሿን አልረሳሃትም አይደል?"

ደግሞ ሊያየው ሲል ስልኩ ጽሑፍ አወጣበት፤ ውስጡ ሞልቷል፤ ቪዲዮውን ለማቆየት ወደ ሌላ ማስቀመጫ ይገልብጡ፤ አለበለዚያ ይጠፋል።

አምባዬ ኪሱን ዳበሰ። ከልማድ ነው። ከዚያ ወደ ትንሿ ኮምፒውተር ዞረ። የፍላሿ ጥቁር ጭንቅላት በየሦስት ሰከንዱ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። በሁለት ጣቱ ያዛት። ሙቅ ነበረች።

"አምባዬ!" አለ የበሩ ጥበቃ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በወንድምነት። "ተው እንዳትነቅላት፤ በስምህ ናት።"

ጣቶቹን አላቀቀ። ስልኩ ሞቆ ጠፋ። ወንዙ ሰላም ነበር።